የፍሪጅ ቱቦ ለቮልስ ፍሬን አይሆንም

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ «ይኼን አንብበህ ዝም ካልክ ሁለተኛ ስለ መኪና አታውራኝ» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። አሮጌ ቮልስ ለሚያድሱ ሰዎች የፍሬን ቱቦ በትንሽ ብር እንዴት እንደሚቀየር የሚያስረዳ ነው። የሚለው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ እኛ አገር መንገድ ላይ ጨው ስለማይበተን የፋብሪካው ቱቦ አይበላም፣ ካልፈሰሰ አይነካም። የግድ መቀየር ካለበት የፍሪጅ መዳብ ከብረቱ ይሻላል፣ አይዝግምና። ጫፉን ፍሪጅ ሠሪው በራሱ መሣሪያ ይከፍተዋል፣ ወይም ከተፈታ ቶዮታ ላይ ጫፉ የተሠራ ቱቦ ማምጣት ይቻላል። የተበሳ ቦታ ካለ ያንን ብቻ ቆርጦ በመጋጠሚያ ማያያዝ ይበቃል። የጎማው ቱቦ (ተጣጣፊው የላስቲክ ቱቦ) ከውጭ ካልተሰነጠቀ ደህና ነው። ዘይት ሲጎድል የተገኘውን መጨመር ነው። መጨረሻ ላይ «ቦሎ ካለፈ ምን ቀረው?» ብለው ይዘጋሉ።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። አሮጌ መኪና እንደሚወዱ ግን ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ዕቃ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ መንከራተቱንም የቀመሱት ሰው ናቸው። ምላሽ ለመጻፍ የተነሳሁት እሳቸው የሚመክሩት ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል በእኔዋ መኪና ላይ ተሠርቶ ስለነበር ነው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1965 ቮልስ ናት፣ ከአጎቴ የወረስኳት። የምትውለውም የምታድረውም አዳማ ነው። አምና አሰላ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ፣ ኢተያን አልፌ ወደ ዴራ ስወርድ፣ ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ያዘ። ደግሜ ስረግጥ ወለሉን ነካ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፣ አዳማ ደግሞ 1,700 ገደማ፣ የመካከሉን ሂሳብ የሚከፍለው ፍሬን ነው። ሁለተኛ ማርሽ ከትቼ፣ የእጅ ፍሬኑን እየሳብኩ እየለቀቅኩ፣ ከፊቴ ያለው አይሱዙ እንዳይቆም እየለመንኩ ዴራ ገባሁ። የቮልስ እጅ ፍሬን የኋላ ጎማዎቹን በሽቦ ገመድ ስለሚይዝ ዘይት ቢያልቅም ይሠራል። ያን ቀን ያተረፈኝ እሱ ነው። ወርጄ ሳይ የፊት ግራ ጎማ ከውስጥ በኩል ረጥቧል።

ተጎትታ አዳማ ገባች። ቱቦውን የፈቱልኝ ሽማግሌ መካኒክ ወደ ብርሃን አውጥተው አገላበጡትና «ልጄ፣ ይኼ እኮ የፍሪጅ ነው» አሉኝ። ከእኔ በፊት አጎቴ አንድ ጋራዥ አስቀይሮት ኖሯል። ያ ቱቦ አሁን ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ አለ።

«ጨው የለም፣ ዝገትም የለም»

ግማሹ እውነት ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የፍሬን ቱቦ የሚበላው በአብዛኛው በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ በሚረጨው ጨው ነው፤ አዳማ ላይ ይህ የለም። የእኛ ቱቦዎች ከነሱ የተሻለ ዕድሜ ማግኘታቸውን አልክድም።

ዝገት ግን ጨው ብቻ አይጠብቅም። በእኔዋ ቮልስ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ረጅሙ ቱቦ የሚያልፈው በመኪናው ውስጥ ነው፤ መሐል ለመሐል የሚሄደውን ጉብታ ይዞ፣ ከምንጣፉ ስር። የበሩ ጎማ ካረጀ ቆይቷል። ላቫጆ በገባች ቁጥር ውሃ ይገባል፣ ምንጣፉ ስር ያለው ቃጫ ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይዞ ይከርማል። ምንጣፉን ገልጬ ሳይ ቱቦው ከላይ ደህና ይመስል ነበር። ጥፍሬን ከስሩ አስገብቼ ስፍቀው ግን ልክ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ መጣ። ከወለሉ ጋር በያዙት ትንንሽ ቆርቆሮዎች ስር ያለውማ ባይወራ ይሻላል።

ደግሞ ከውስጥም አለ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ በክዳኑም በጎማው ቱቦም በኩል ቀስ እያለ ይገባል። ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት ቱቦውንም የጎማውን ሲሊንደርም ከውስጥ ይበላቸዋል። ስለዚህ «ካልፈሰሰ አይነካም» የሚለው ምክር የሚሠራው ቱቦው ከመፍሰሱ በፊት ቢያስጠነቅቅ ነበር። አያስጠነቅቅም። የሚፈሰው ደግሞ በኃይል በተረገጠበት ሰዓት ነው።

«የፍሪጅ መዳብ ከብረት ይሻላል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ ትልቅ ነገር ነክተው አልፈውታል። መዳብ እንደማይዝግ ልክ ናቸው። በእጅ እንደሚታጠፍም ልክ ናቸው። እንዲያውም ከመዳብ የሚሠራ በጣም ጥሩ የፍሬን ቱቦ አለ፤ ቮልቮ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ሲጠቀምበት የቆየው። ያ ግን ንጹሕ መዳብ አይደለም። ወደ 90 ከመቶው መዳብ፣ 10 ከመቶው ኒኬል ሆኖ ትንሽ ብረትና ማንጋኒዝ የተጨመረበት ቅይጥ ነው። መልኩ ከመዳብ ደብዘዝ ይላል። የፍሪጁ እንደ አዲስ ሳንቲም ቀይ ሆኖ ያበራል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ አይሳሳትም፣ ለየብቻ ያየ ግን በቀላሉ ይታለላል።

ልዩነቱ ጥንካሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክሬን እተወው ነበር። እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። አንድ ሰው ደንግጦ ፍሬን ሲረግጥ 40 ኪሎ ያህል ያሳርፋል እንበል። ፔዳሉ በዘንግነቱ አምስት እጥፍ ያደርገዋል፤ 200 ኪሎ። ይህ ሁሉ የሚያርፈው 19 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት የማስተር (ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ዋና ሲሊንደር) ፒስተን ላይ ነው፤ ስፋቷ በካሬ ሲሰላ ሦስት ሴንቲ ሜትር እንኳን አትሞላም። ስለዚህ በቱቦው ውስጥ በካሬ ሴንቲ ሜትር 70 ኪሎ ይገፋል። የቮልስ ጎማ ውስጥ ያለው ንፋስ ሁለት ኪሎ ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ግፊት ለስላሳ መዳብ ይችለዋል፣ በአንድ ቀን አይፈነዳም። ጸሐፊው «ሞክሬው ይዟል» ሲሉ አልዋሹም።

የመዳብ ችግሩ ድካም ነው። መዳብ ሲንቀጠቀጥና ሲታጠፍ እየጠነከረ ይሄዳል፣ ከጠነከረ በኋላ ይሰነጠቃል። የኤሌክትሪክ ሽቦ በእጁ እያጠፈ እየዘረጋ የቆረጠ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ፍሪጅ ቤት ውስጥ ቆሞ ነው የሚኖረው። ቮልስ ግን ከወንጂ መንገድ እስከ ሠፈር ኮብልስቶን ቀኑን ሙሉ ስትንቀጠቀጥ ትውላለች። ስንጥቁ የሚጀምረው ደግሞ ቱቦው ከዳዶው በሚወጣባት ቦታ ነው፤ እዚያ ጋ ግማሹ ተይዟል፣ ግማሹ ይወዛወዛል። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ቱቦ ስንጥቅ እዚያው ነው፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች። በዓይን ሳይሆን በጥፍር ነው የምትገኘው።

ሌላም አለ። የቮልስ የፍሬን ቱቦ ከውጭ 4.75 ሚሊ ሜትር ነው። የአጎቴ ጋራዥ የገጠመው የፍሪጅ ቱቦ 6.35 ነበር። ታዲያ በፋብሪካው ዳዶ ውስጥ እንዴት ገባ? ዳዶውን በትራፓን አስፍተውታል። የቀረው የዳዶ ግድግዳ ወረቀት ሊያህል ምንም አልቀረው። ይህን ሳይ መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ፣ ቀጥሎ አሰላን አስታወስኩ።

ታዲያ ምን ይግዛ ለሚለኝ፦ ሽፋን ያለው 4.75 የብረት የፍሬን ቱቦ ጥሩ ነው፤ የመኪናዋም ዘር እሱ ነው። ለማጠፍ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ማጠፊያ ከሌለ ይጨመደዳል። የመዳብና ኒኬል ቅይጡን ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ ማስላክ ይቻላል፤ በ25 ጫማ ጥቅል ይሸጣል። ለእኔዋ አንድ ጥቅል በቅቶ ተርፏል። የማይዝገውን አይዝጌ ብረት ጸሐፊው «ለጀማሪ አይሆንም» ያሉት ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ጠንካራ ስለሆነ ጫፉን በቤት መሣሪያ አሳምሮ መክፈት ፈተና ነው።

«ጫፉን ፍሪጅ ሠሪው ይከፍተዋል»

የጽሑፉ ዋና ስህተት ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ጸሐፊው ስለ ቱቦው አንድ ገጽ ጽፈው ስለ ጫፉ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ሰጥተዋል። መሆን የነበረበት ተገላቢጦሹ ነው። አዲስ የተገጠመ የፍሬን ቱቦ መሐሉ ላይ አይፈስም ማለት ይቻላል፤ የሚፈሰው ጫፉ ላይ ነው።

የቱቦው ጫፍ እንደ ከንፈር ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ፍሌር የሚባለው ይኼ ነው። ዳዶው ይህን ከንፈር ገፍቶ ከመቀመጫው ጋር ያጣብቀዋል። ማጣበቂያ የለም፣ ጎማ የለም፣ ብረት ከብረት ጋር ተጫጭኖ ነው ዘይቱን የሚይዘው። ፍሪጅ ሠሪው የሚሠራው ከንፈር ነጠላ ነው፤ ቱቦው አንድ ጊዜ ይከፈትና ያበቃል። ለፍሪጅ ግፊት ይበቃል። ለፍሬን ግን ቀጭኑ ጠርዝ ዳዶው በጠበቀ ቁጥር ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የፍሬን ቱቦ ከንፈር ወይ ድርብ ነው፣ ማለትም ጠርዙ ወደ ውስጥ ተመልሶ ይታጠፍና ሁለት ንብርብር ይሆናል፤ ወይም ባብል የሚባለው እንደ እንጉዳይ ራስ ያበጠ ነው።

አሁን የቶዮታው ምክር ላይ እንምጣ። ቶዮታና አብዛኛው የጃፓን መኪና ድርቡን ይጠቀማል። ቮልስና ሌላው የጀርመን መኪና ባብሉን ይጠቀማል። ወጥመዱ ግን የሁለቱም ዳዶ በብዛት አንድ ዓይነት ጥርስ ያለው መሆኑ ነው፦ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ከጥርስ ጥርስ 1 ሚሊ ሜትር። የቶዮታው ዳዶ ቮልስ ማስተር ላይ በጣት ዙሮ ይገባል። ይጠብቃል። መካኒኩም ባለቤቱም «ገጠመ» ይላሉ። ውስጥ ግን ከንፈሩና መቀመጫው አልተሳሳሙም።

ማየት የሚፈልግ በእጅ ባትሪ ቀዳዳውን ይመልከት። የቶዮታ ማስተር ቀዳዳ ወለል ላይ መሐሉ ወደ እኛ አሹሎ የወጣ ነገር ይታያል፤ ድርቡ ከንፈር እሱ ላይ እንደ ቆብ ይጠለቃል። የቮልሱ ቀዳዳ ደግሞ ወለሉ እንደ ማንቆርቆሪያ ወደ ውስጥ የጠበበ ነው፤ ያበጠው ራስ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። አንዱ ጎድጓዳ ይፈልጋል፣ ሌላው ጉብታ። ላንድሮቨር ያላቸውም ይጠንቀቁ፤ የድሮው እንግሊዝ ጥርስ በኢንች ነው። 3/8 ኢንች ዳዶ 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ ሁለት ሦስት ዙር ሰላም ይገባል፣ ሲጠብቅ ጥርሱን ይዞ ይወጣል።

ከንፈሩን መሥራት ራሱ አስቸጋሪ አይደለም፣ ጥድፊያ ነው የሚያበላሸው። ቱቦው በሰጌቶ አይቆረጥም፤ ጠርዙ ይንሻፈፋል፣ ብናኙም ውስጥ ይቀራል። በክብ የቱቦ መቁረጫ ቀስ እያሉ ማዞር ነው። ከውስጥም ከውጭም ያለው ሹል ጠርዝ ይጠረጋል። ከዚያ ዳዶው ይገባል። ይህን ደግሜ ልበል፦ ዳዶው ከንፈሩ ከመሠራቱ በፊት ይገባል። እኔ ሁለት ጊዜ አምሮ የተሠራ ከንፈር ይዤ፣ ዳዶው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ነበር። ቀጥሎ ቱቦው መያዣው ውስጥ በልኩ ወጥቶ ይጠብቃል፣ ቅርጽ ማውጫው ላይ አንድ ጠብታ የፍሬን ዘይት ይደረጋል፣ ቀጥ ብሎ ይጫናል። ውጤቱ ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት፤ አንድ ጎኑ ከቀጠነ ቆርጦ መጣል ነው። ለመለማመጃ አንድ ሜትር ቱቦ መሥዋዕት አድርጌአለሁ፣ አይቆጨኝም።

ሲገጠምም በጉልበት አይደለም። 15 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃዋል፤ በአጭር ቁልፍ፣ በአንድ እጅ። ጠብቆም የሚያለቅስ ከሆነ ከንፈሩ ልክ አይደለም ማለት ነው፣ ተጨማሪ ጉልበት መቀመጫውን ከማበላሸት ሌላ አይፈይድም።

«የተበሳውን ብቻ ቆርጦ ማያያዝ»

በቀለበት ጨምቆ የሚይዘው የቧንቧ መጋጠሚያ ለፍሬን አይሆንም፣ አለቀ። ሁለቱም ጫፍ ልክ የሆነ ከንፈር ወጥቶለት በፍሬን መጋጠሚያ ከተያያዘ ይሠራል። ግን አንድ ቦታ የተበሳ ብረት ቱቦ ሌላው ጎኑ ምን እንደሚመስል መገመት ነው።

«የጎማው ቱቦ ካልተሰነጠቀ ደህና ነው»

ይህን እኔም አምን ነበር። ቱቦዎቹን በሙሉ ከቀየርኩ በኋላ የፊት ቀኙ ጎማ ፍሬኑን ከለቀቅኩም በኋላ ይዞ ይቀር ጀመር። ከፖስታ ቤቱ አካባቢ እስከ ቤቴ ስነዳ ቸርኬው በእጅ አይነካም፣ ይፈጃል። ሸራው ነው ብለን ፈታን፣ ደህና ነው። ሲሊንደሩም ደህና። በመጨረሻ ሽማግሌው ጎማውን በክሪክ አንስተው፣ ፍሬን አስረግጠው አስለቀቁኝና ከሲሊንደሩ ጀርባ ያለችውን የአየር ማውጫ ትንሽ ፈቱ። ጢው ብሎ ዘይት ወጣ፣ ጎማውም ተፈታ። በጎማው ቱቦ ውስጥ ግድግዳው አብጦ ቀዳዳውን ዘግቶታል። በእግር ኃይል የተገፋው ዘይት ገፍቶ ያልፋል፣ ለመመለስ ግን የሚገፋው ኃይል ደካማ ስለሆነ እዚያው ይታገታል። ከውጭ ሲያዩት ያ ቱቦ አንድ ስንጥቅ አልነበረበትም። ጥቁር፣ ንጹሕ፣ ቆንጆ።

የብረቱን ቱቦ የሚቀይር ሰው የጎማውንም አብሮ ይቀይር። መፍታቱ ላይቀር፣ አየር ማውጣቱ ላይቀር።

«ያለውን ዘይት መጨመር»

ጥፋቱ የቋንቋችንም ነው እላለሁ። «የፍሬን ዘይት» ስለምንለው ዘይት ይመስለናል። ዘይት አይደለም። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 (ጠርሙሱ ላይ የሚጻፉት ደረጃዎች) ከግላይኮል ዘር የሚሠሩ ፈሳሾች ናቸው፤ እርስ በርስ ቢቀላቀሉ ጉዳት የለም። ዶት 5 ብቻ ሲሊኮን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይደባለቅም፤ ቁጥሩ ከ5.1 ጋር መቀራረቡ ስንቱን አሳስቷል። የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት፣ ናፍጣ ከገባ ግን በማስተሩና በሲሊንደሮቹ ውስጥ ያሉት ጎማዎች በሙሉ ያብጣሉ። ከዚያ በኋላ መፍትሔው አጥቦ መሙላት ሳይሆን ጎማ የተባለውን ሁሉ መጣል ነው። ለዚህ ነው ሲሊንደር በቤንዚን የሚያጥብ ጋራዥ ሳይ የምሸሸው።

ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ከለቀቀ አንድ ቀላል ማጣሪያ አለ። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ትንሽ ጠብ ማድረግ ነው። የግላይኮሉ ከውሃው ጋር ይዋሃዳል። ላይ ላይ ተንሳፍፎ ክብ ክብ ከሠራ የማዕድን ዘይት ወይም ሲሊኮን ነው፣ ቮልስ ውስጥ አይገባም።

አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት። እርጥበት ጠጥቶ 3.7 ከመቶ ውሃ ሲይዝ መስፈርቱ ወደ 140 እና 155 ይወርዳል። ክዳኑ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጠርሙስ ከየትኛው ወገን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ከአሰላ ቁልቁል ሲወረድ የጋለው ታምቡር ሙቀቱን ለሲሊንደሩ ያስተላልፋል፣ ፈሳሹ ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ እንደ ፊኛ ይጨመቃል እንጂ ፍሬን አይገፋም። (የቀለም ነገርም አለ፤ ግላይኮሉ ቀለም ይልጣል። የእኔዋ ኮፈን ስር ያለችው ጠባሳ የእህቴ ልጅ ማስታወሻ ናት።)

ከቱቦዎቹ አየር ስናወጣም ከእህቴ ልጅ ጋር ነበርን። ከማስተሩ ሩቅ ከሆነው፣ ከኋላ ቀኝ ጎማ ጀመርን፤ ቀጥሎ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ መጨረሻ ፊት ግራ። እሱ ፔዳል ላይ፣ እኔ መሬት ላይ። «ያዝ!» ስል ረግጦ ይይዛል፣ ፈትቼ አጠብቃለሁ፣ «ልቀቅ!» እላለሁ። አንድ ጊዜ ሳልለው ለቀቀ፣ ከመጀመሪያው ጀመርን።

«ቦሎ ካለፈ ምን ቀረው?»

ቦሎ የሚያየው የዚያን ቀኑን ፍሬን ነው። የእኔዋም ከነፍሪጅ ቱቦዋ ቦሎ አልፋ ነበር፣ ተለጣፊው መስተዋቷ ላይ እያለ ነው ዴራ ላይ የቀረችው። መርማሪው ምንጣፍ ገልጦ፣ ዳዶ ፈትቶ ከንፈር አያይም፤ ሥራውም አይደለም። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ የእኔዋ ማስተር ባለ አንድ ክፍል ነው፣ አራቱም ጎማ ከአንድ ዘይት ነው የሚጠጣው። ፊትና ኋላ የሚለያይበት ባለ ሁለት ክፍል ማስተር ቮልስ ላይ የመጣው ከእሷ ዘመን በኋላ ነው። በእንዲህ ያለች መኪና ላይ አንድ ከንፈር አራት ጎማ ይዞ ይሄዳል።

ሁሉ ካለቀ በኋላ ያደረግኩት ይኼ ነው። የእህቴ ልጅ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ባለ በሌለ ኃይሉ ረግጦ አምስት ደቂቃ ያዘ። እኔ ከስር ገብቼ በየዳዶው ዙሪያ ነጭ ሶፍት ጠመጠምኩ። ፔዳሉ አልሰመጠም። ሶፍቶቹን አንድ በአንድ አውጥቼ በባትሪ አየሁ። ኋላ ግራ ያለችው አንዷ ጠርዟ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል እርጥበት ነበራት። ዳዶውን ተጨማሪ ላጠብቀው እጄ ሄዶ ነበር፣ ተውኩት። ፈትቼ ቆረጥኩት፣ ዳዶውን አስቀድሜ አስገባሁ፣ ከንፈሩን እንደገና ሠራሁት።